የእማሆይ ልብስ ማስጫ

ባለፈው ሐሙስ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ አንድ እጩ መምህር በፌስታል የተጠቀለለ ሬዲዮ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ ይኸ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ። አባቴ ናቸው የሰጡኝ። እቤት ሳለ ያወራ ነበር፤ እዚህ መኝታ ቤት ካስገባሁት ወዲህ ግን ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አይልም» አለኝ። ተቀብዬ ድንጋዮቹን አየሁ፤ ደህና ናቸው። ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረግሁት፤ ይሠራል። ይዤው ወጣሁና ከዛፍ ሥር ቆሜ የሚመዘዘውን ዘንግ እስከ መጨረሻው መዘዝኩት። ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ፣ ከሩቅ የሆነ ጣቢያ ተሰማ። «ሬዲዮህ ምንም አልሆነም፤ ጆሮውን ደፍነህበት ነው እንጂ» ብለው ሳቀ። መኝታ ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ውስጡ ደግሞ የስልክ ቻርጀርና አምፖል የሞላበት መሆኑን ልብ አላለም።

ውድ አንባብያን፣ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ያ ሬዲዮ ነው። እንደሚታወቀው ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ወደ ስማዳ፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ እስቴ፣ ወደ እብናት ገጠር ትመደባላችሁ። የስልክ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣበት ትምህርት ቤት የሚደርሳችሁ አትጠፉም። ሬዲዮ የያዘ ሰው ግን ሬዲዮው የሚሰማው በሰጠው ጆሮ ልክ መሆኑን ማወቅ አለበት። የዚያ ጆሮ ዋጋ ደግሞ አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ሽቦ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የተማርኩት ከአንዲት መነኩሲት ማድ ቤት ነው፤ የተማርኩት ነገር ያስከተለብኝንም አብሬ ላወጋችሁ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ከማሠልጠኛ ወጥቼ የመጀመሪያ ምድቤ የደረሰኝ ከጉና ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት ቀበሌ ነበር። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ከሥሩ ብንሆንም ብርዱ ግን እንደ ጫፉ ነበር ማለት ይቻላል። ያከራዩኝ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቆብ የደፉ እናት ነበሩ። መንደሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል፤ እኔም እማሆይ እላቸው ነበር። ሁለት ቤት ነበራቸው። አንዱ ሣር ክዳን ነው፤ እሳቸው የሚኖሩበትና የሚያበስሉበት። ሌላው አንዲት ባለ ቆርቆሮ ክፍል ናት። በዚያ ዘመን ቆርቆሮ ክብር ነበርና «ለአስተማሪው ይሁን» ተብሎ ቆርቆሮው ለእኔ ተለቀቀልኝ።

ከደመወዜ ለሦስት ወር ቆጥቤ ደብረ ታቦር ገበያ ወረድኩና አንድ ባለ አራት ድንጋይ ናሽናል ሬዲዮ ገዛሁ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ስከፍተው ጣቢያዎቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱን ይዤ ዜናው ርእሱን ሲጨርስ ይሰወራል። ድንጋዩ የደከመ መስሎኝ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ እንደምታውቁት በገጠር ድንጋይ እንደ በርበሬ ይሰጣል። ምንም ለውጥ የለም።

አንድ ቀን እማሆይ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ሬዲዮውን በብብቴ ይዤ ወደ ሣር ቤቱ ገባሁና ከመደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን ስከፍተው ድምፁ ከክፍሌ በእጥፍ ጠርቶ ተሰማ። መጀመሪያ ሰዓቱ መስሎኝ ነበር። ተነሥቼ ወደ ቆርቆሮው ቤት ወሰድኩት፤ ደከመ። መለስኩት፤ ጠራ። ይህን ሦስት ጊዜ ስመላለስ እማሆይ «ምነው ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ጭስ ነው የሚወድ?» አሉ። ነገሩ ጭሱ አልነበረም። ሣርና ጭቃ ሞገድን ያሳልፋሉ፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሳል። የተከበርኩበት ቆርቆሮ ለካ ሬዲዮዬን አስሮብኝ ኖሯል!

በማሠልጠኛው ሳይንስ ያስተማሩን መምህር ስለ ሬዲዮ ሞገድ ሲያስረዱ የሣሉልን ሥዕል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እረኛ ገደል ፊት ለፊት ቆሞ ሲጮኽ ድምፁ እንደሚመለስ ሁሉ፣ የአጭር ሞገድም ሰማይ ላይ የሚመልሰው ገደል አለው። ይኸውም ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ግድም ጀምሮ ወደ ላይ የሚገኘው፣ የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ የሚሞላበት፣ አዮኖስፌር የሚባለው ክፍል ነው። ዛሬ የምታውቁት ኤፍ ኤም ግን ባቀናበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እንደ ጉና ያለ ተራራ ሲገጥመው እዚያው ይቀራል። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ ከተራራው ጀርባ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከአውሮፓ የተነሣ ድምፅ ፋርጣ ላይ ያለ ቡና የሚደርሰው።

መጀመሪያ ይህን በሥራ ያሳየው ማርኮኒ ሽቦ የሰቀለበት መላ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በታኅሣሥ 1901 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሆኖ ሰማሁ ሲል፣ ሽቦውን ወደ ላይ የያዘለት ልጆች በክር እየያዙ በነፋስ የሚያበሩት ዓይነት መጫወቻ ነበር። ሞገዱ የምድርን ክብነት እንዴት እንደተሻገረ በወቅቱ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ኬኔሊና ሄቪሳይድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው «ሰማይ ላይ የሚመልስ ንብርብር ሊኖር ይገባል» አሉ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. አፕልተን መኖሩን በፈተና አረጋገጠ፤ በዚህም በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እንግዲህ ሽቦው ከማብራሪያው ቀደመ ማለት ነው። እናንተም ቀመሩን በቃል እስክትይዙ ድረስ ሽቦ ከመስቀል አትቦዝኑ።

ሽቦውን ያገኘሁት ከደብረ ታቦር ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ፣ ቀጭን፣ ቀይ የመዳብ ሽቦ ነበር። እንዲህ ያለው ሽቦ ላዩን ቫርኒሽ የተቀባ ስለሆነ ለዓይን ራቁቱን ይመስላል እንጂ ልብስ አለው። ከሬዲዮው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ በቢላ ካልተፋቀ በደንብ አያስተላልፍም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦውን ረግሜአለሁ። በነገራችን ላይ የቴሌን ሽቦ ቆርጦ ለአንቴና ማድረግ የሚያምረው አይጠፋም፤ አንድ ሰው ዜና እንዲሰማ አንድ ወረዳ ስልክ ሊያጣ አይገባም።

ሽቦው በጫፉ ዛፍን ወይም ግድግዳን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ በተለይ ዝናብ ሲመታው የያዘውን ወደ ምድር ያፈሳል። ስለዚህ በሁለቱ ጫፍ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል። የመብራት ምሰሶ ላይ የምታዩት ስኒ ሥራው ይኸው ነው። እኔ ስኒ ከየት አመጣለሁ? የአረቄ ጠርሙስ አንገት ተጠቀምኩ። አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ ላምባ የነከረ ክር በጠርሙሱ አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ በእሳት ይለኮሳል፤ ክሩ ነድዶ ሊያልቅ ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ቀጭ ብሎ በክሩ መሥመር ይቆረጣል። ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ስለቱንም በድንጋይ ሞርዱት። ሁለት አንገት ለማግኘት አራት ጠርሙስ ጨርሻለሁ፤ መንደሩ ስለ አዲሱ መምህር ምን እንዳለ መገመት ትችላላችሁ። ዛሬ የጄሪካን እጀታ ወይም የውኃ ፕላስቲክ ቁራጭ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከቤቱ በስተምሥራቅ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ነበር። እሱ ላይ መውጣት የማይታሰብ ስለሆነ ከማሳ ወፍ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ጠራሁ። ልጁ ድንጋይ በጨርቅ ቋጠረና በሲባጎ አሰረው፤ በወንጭፉ እያሽከረከረ ወረወረው። ሦስተኛው ውርወራ እኔ ካሳየሁት ቅርንጫፍ ማዶ ወደቀ። በሲባጎው ገመድ ጎተትን፤ በገመዱ የጠርሙሱን አንገት፤ በአንገቱ ሽቦውን። ወደ ስምንት ሜትር ከፍታ ወጣ። ሌላው ጫፍ ዝቅ ብሎ ከቆርቆሮው ቤት ማዕዘን ከሚገኝ ቋሚ ላይ ታሰረ። ከዚያ አንድ ጭራ ሽቦ በመስኮት፣ ቆርቆሮውን ሳይነካ ገብቶ የሬዲዮው ዘንግ ላይ ተጠመጠመ። ቁመቱ በአጠቃላይ 14 እርምጃ ነበር።

ስለ ርዝመቱ ለሚጨነቅ፦ 300,000ን ጣቢያው ለሚያሰማበት ኪሎ ኸርዝ ብታካፍሉት የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት ሲያሰማበት የነበረው 9,705 ኪሎ ኸርዝ ሲካፈል 31 ሜትር ግድም ይመጣል፤ ሩቡ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። የአማራ ሬዲዮ ከባሕር ዳር ሲጠቀምበት የነበረው 6,090 ደግሞ 49 ሜትር ይሆናል፤ ሩቡ 12 ሜትር ነው። የሞገዱን ሩብ ያህል ሽቦ ጥሩ ይሰማል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ግን ልኩን ባይመታም ግድ የለም። ከፍታው፣ ከቆርቆሮ መራቁና ከመብራት መሥመር መራቁ ከርዝመቱ ይበልጣሉ።

የመጀመሪያውን ማታ አልረሳውም። ቁልፉን ስከፍተው ሬዲዮው እንደ ገበያ ነው የጮኸ። ዓረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ፈረንሳይኛ፣ የሞስኮ ሙዚቃ። እንዲያውም በዛብኝ፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች እየተደራረቡ አንዱ በሌላው ላይ ይናገር ጀመር። ትንሽ ሬዲዮ ረጅም ሽቦ ሲሰጡት እንዲህ ይጠግባል። መፍትሔውም ቀላል ነው። ልባሱ ሳይፋቅ የሽቦውን ጭራ በዘንጉ ላይ ሦስት፣ አራት ዙር ጠምጥማችሁ ትተዉታላችሁ፤ መዳብ ከብረት ሳይገናኝ ድምፁ ይሻገራል፣ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ሰሙና «ባለቤቴ ነፍሳቸውን ይማርና ብሥራተ ወንጌልን ሲሰሙ እንዲህ ይጮኽ ነበር» አሉ። ያ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረ፣ በሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሰራጫ በአጭር ሞገድ ለብዙ አገር ያሰማ የነበረና በ1969 ዓ.ም. የተወረሰ ነው። ሰውየው የሞቱት ጣቢያው ከመወረሱ በፊት ነበር።

ሽቦው በአራተኛው ቀን ተበጠሰ። ባሕር ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፤ እኔ ደግሞ እንደ ክራር ክር ወጥሬው ነበር። ያን የፈታልኝ ያው ወንጭፈኛ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አሳልፈን ጫፉ ላይ ድንጋይ ብናንጠለጥልስ?» አለኝ። አደረግነው። ዛፉ ሲያዘነብል ድንጋዩ ይወጣል፣ ሲመለስ ይወርዳል፤ ሽቦው ግን ሁልጊዜ እኩል እንደ ተወጠረ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ ጉና የሚያወርደው የትኛውም ነፋስ ያንን ሽቦ አልበጠሰውም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገር ግን በግቢ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ከሩቅ ይታያል። አንድ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣና ቀና ብሎ ካየ በኋላ «መምህር፣ ይኸ ሽቦ ከማን ጋር ነው የሚያገናኝ?» ሲል ጠየቀኝ። የውጭ ጣቢያ መስማትን የሚከለክል ሕግ ተነቦልኝ አያውቅም፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ለንደንንና ዶቼ ቬሌን የሚሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ምላሴ ታሰረ። እማሆይ ከማድ ቤት የታጠበ ነጠላ ይዘው ብቅ አሉ፤ ዱካው ላይ ወጡና ዝቅ ያለው የሽቦው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን ዘረጉት። «ከእኔ ነጠላ ጋር ነዋ የሚያገናኝ! መሬት ላይ ሳሰጣ ስታየኝ ከርመህ ዛሬ ማስጫ ባገኝ ከፋህ?» አሉት። ሰውየው ሳቀና ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲመጣ ነጠላው ይሰቀላል። እርጥብ ነጠላ ሽቦውን ወደ ታች ቢጎትተውም ባሕር ዛፉ ላይ ያለው ድንጋይ መልሶ ይይዘው ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዙር እዚያው ቀርቼ ሳለ ጥፋት ሠራሁ። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጣና በኩል ሲጠቁር እያየሁ የሽቦውን ጭራ ሳልነቅል ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መብረቁ የወደቀው ሽቦው ላይ አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ነው። ከዚያ ርቀት እንኳ ሽቦው የተቀበለው ግፊት የሬዲዮዬን የመጀመሪያ ትራንዚስተር አቃጠለው። ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በእጄ ይዤው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። እማሆይ «እግዜር ወሬ አታብዛ ሲልህ ነው» አሉኝ። ደብረ ታቦር ያለው ጠጋኝ በሁለት ሳምንት አስተካክሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ከግንቦት እስከ መስከረም ሬዲዮው የማይከፈት ከሆነ የሽቦው ጭራ ከመስኮት ውጭ ይጣል። ከወጣሁ በኋላ ነው የነጎደ፣ አሁን ልሂድና ልንቀል ማለት ግን የለም፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ሽቦ አይነካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እማሆይ አንድ ልጅ ነበራቸው። በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ኤርትራ ወረደ፤ ከላካቸው ሁለት ደብዳቤዎች አንዱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ናደው እዝ ውስጥ መሆኑን ጽፏል። ማታ ማታ እሳቸው በር ላይ ቁጢጥ ብለው ሬዲዮውን ያዳምጣሉ። የአማርኛው ሲያልቅ እኔ በጆሮ ማዳመጫ የለንደኑን እንግሊዝኛ እከታተላለሁ፤ እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ነበር። ሁልጊዜም «ዛሬ ፈረንጁ ምን አለ?» ይሉኛል። የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ሩቅ አገር ስለሆነ ያዛጋሉ፤ ደህና እደር ብለው ይሄዳሉ።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ ውጊያ ተደረገ። ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ፤ የናደው እዝ ተደመሰሰ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ሞቱ፣ ተማረኩ። እኔ የሰማሁት ከጥቂት ቀን በኋላ ነው፤ ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከለንደን። የቦታውን ስም ሁለት ጊዜ ሰማሁ። በአገር ውስጡ ሬዲዮ እኔ በከፈትኩበት ሰዓት ስሙ ሲነሣ አልሰማሁም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳወጣ እማሆይ በሩ ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ፈረንጁ ምን አለ?»

«ስለ ሌላ አገር ነው የሚያወራ፣ እማሆይ።»

በማግሥቱም ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ልጁ ይሙት ይዳን የማውቀው የለኝም፤ የማውቀው ያለበት ጦር መፍረሱን ብቻ ነው። ብነግራቸው ምን ይሆናሉ? ካዘኑና ካለቀሱስ፣ ከየት ሰማሽ ተብለው ቢጠየቁስ? ለእሳቸው ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። አሁን ሳስበው ለራሴም ፈርቻለሁ። ንጋት ላይ ባሕር ዛፉ ሥር ሄጄ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ፈታሁ፤ ሽቦውን አወረድኩና ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር ከተትኩት። ሲነቁ «ነፋስ በጠሰው» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። ነጠላቸውን እንደ ድሮው መሬት ላይ፣ ከሣር ላይ አሰጡ።

በዓመቱ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። ልጃቸው በሐምሌ 1983 ዓ.ም. መጣ። ከሦስት ዓመት በላይ ምርኮኛ ሆኖ ቆይቶ፣ በላስቲክ ጫማ፣ ከሱ በማያንስ ብዙ ሰው መካከል እየተጓዘ ነው የገባ። መምጣቱን ስሰማ ስኳርና ቡና ይዤ ወጣሁ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። እማሆይ ሳሙኝ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ሰው ሁሉ ልጁን ሲያይ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በቀስታ እንዲህ አሉ፦ «የዚያን ሳምንት ነፋስ አልነበረም እኮ።»

ሌላ አልጨመሩም። እኔም ቡናውን ጠጣሁ።

ብዙ ዓመት አለፈ፤ ሬዲዮም ኤፍ ኤም ሆነ፣ ስልክም መጣ፣ ሽቦ የሚሰቅል ጠፋ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭቱ ሲነሣና የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ጎረቤቶቼ «ጋሼ፣ ያ አሮጌ ሬዲዮዎ ይሠራል?» እያሉ መጡ። ከግቢዬ ጽድ እስከ ማድ ቤቴ 12 ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ ዘረጋሁ። መብራት በጠፋ ማታ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ይጠራ ነበር፤ መብራት ሲመጣ የሰፈሩ አምፖልና ቻርጀር ሁሉ ሬዲዮው ውስጥ ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ የምደሰት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያን ሰሞን ጎረቤት «ምን አለ?» ሲለኝ የሰማሁትን እነግረዋለሁ፤ ከየትኛው ጣቢያ እንደ ሰማሁት፣ ሌላው ጣቢያ ያንኑ ማለቱን ወይም አለማለቱን ጭምር። የሚያስከፋ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ቁጭ በል እለዋለሁ።

ሐሙስ የመጣው እጩ መምህር ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ «ታዲያ መምህር፣ ዛሬ አጭር ሞገድ ላይ የቀረ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙው ሄዷል። የሆላንዱ ጣቢያ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአጭር ሞገድ ወጣ፤ የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከሺ የሚበልጡ ሠራተኞቹ ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደርጎ በብዙ ቋንቋዎች ጸጥ አለ። ገበያው ሳስቷል፤ አልተዘጋም። ማታ ማታ ከ5,900 እስከ 9,900 ኪሎ ኸርዝ ያለውን፣ ቀን ቀን ከ11,600 በላይ ያለውን በቀስታ ፈልጉ፤ ቀንና ሌሊት የሚለያየው ያ የሰማይ ገደል በፀሐይ ስለሚለወጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ነጎድጓድ በሌለበት ጊዜ፣ ከሁሉ ይሻላል።

እንግዲህ የመኝታ ቤቱን ነገር በተመለከተ፣ ከጀርባው ካለው ባሕር ዛፍ እስከ መስኮቱ ድረስ ሽቦ ለመዘርጋት ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግሬ ተፈቅዷል። ቦታውን ረግጬ አይቻለሁ፤ የመብራቱ መሥመር የሚያልፈው በሌላው ጎን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አንቴና በመብራት ገመድ ላይም፣ ሥርም፣ ቢወድቅ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይም አይዘረጋም። የሚጠራጠር ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ፒንሳ ያለው ፒንሳ፣ የናይሎን ገመድ ያለው ገመድ ይዞ ይምጣ። ወንጭፍ መወርወር የሚችል ከገጠር የመጣ ሰው በጣም ያስፈልገናል፤ እኔ እጄ ደክሟል። የአረቄውን ጠርሙስ እኔ አመጣለሁ፤ ባዶውን።